ትኩሳት ያለበት ታማሚ ፊት ስንቆም፦ ከሕክምና ተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም ዓምዳችንን የሞሉት ከንድፈ ሐሳብ ትምህርት ወጥተው ታማሚ ማየት የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎች የላኩልን ደብዳቤዎች ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረን ስድስቱን አቅርበናል። መልሱን የጻፍኩት ተላላፊ በሽታዎችን በማከምና በማስተማር የቆየሁ ሐኪም እንደመሆኔ ነው።

ጥያቄ፦ የማይክሮባዮሎጂ ትምህርትን በጥሩ ውጤት አልፌአለሁ። የባክቴሪያዎቹን ስም፣ ቅርጽና ጠባይ በቃሌ እወጣዋለሁ። ነገር ግን አልጋ ላይ የተኛ ትኩሳት ያለበት ሰው ፊት ስቆም ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የገለጹት ችግር ከጥናት ማነስ የመጣ አይደለም። መጻሕፍቱ የተጻፉት ከተህዋሲው ተነሥቶ ወደ ምልክቱ በሚሄድ ቅደም ተከተል ነው፤ ታማሚው ግን ምልክቱን ይዞ ይመጣል እንጂ የተህዋሲውን ስም ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ያጠኑትን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መልሰው ማንበብ ይጠበቅብዎታል። ይህም ተራ በተራ በሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች ይከናወናል፦ ይህ ሰው ማን ነው? ኢንፌክሽኑ ያለው የት ነው? በእንዲህ ዓይነት ሰው፣ በዚህ የአካል ክፍል፣ በዚህ ፍጥነት ሕመም የሚያስከትሉት ተህዋስያን የትኞቹ ናቸው? አብዛኞቹ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዘልለው ሦስተኛው ላይ ስለሚደርሱ ነው የሚጨነቁት።

ከሦስቱም የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ታማሚው አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። አተነፋፈሱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ሰንጠረዥ ላይ የሚሰፍረው የአተነፋፈስ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር በግምት የተጻፈ ነው፤ 20 ተብሎ ተመዝግቦ ራሴ ስቆጥር 34 ያገኘሁባቸው ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ አዋቂ በደቂቃ 22 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈሱ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ 100 ወይም ከዚያ በታች መውረዱ፣ ንቃቱ መለወጡ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ይህ ሰው ተራ ጠብቆ የሚታይ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የሴፕሲስ ትርጓሜ ሴፕሲስን የሚገልጸው ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሥራ በማወኩ እንጂ በትኩሳቱ ከፍታ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። አራስ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው በከባድ ኢንፌክሽን ተይዞ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል።

«ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስሙንና ዕድሜውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ነፍሰ ጡር ናት? ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል? የስኳር ሕመም አለበት? ኤች አይ ቪ በደሙ ካለ የሲዲ 4 (በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ቁጥሩ ስንት ነው? ለሁለት ሳምንት የቆየ ራስ ምታት በጤነኛ ወጣት ላይ የሚያመለክተውና የሲዲ 4 ቁጥሩ ከ100 በታች በወረደ ሰው ላይ የሚያመለክተው ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ በሁለተኛው ሰው አንገቱ ምንም ሳይገተር፣ ትኩሳቱም ቀላል ሆኖ ሳለ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር መኖሩን መጠርጠር ግዴታ ነው። ጊዜውንም አጥብቀው ይጠይቁ። በሰዓታት ውስጥ የከፋ ሕመም፣ በቀናት የከፋ ሕመምና በሳምንታት የከፋ ሕመም ሦስት የተለያዩ የተህዋስያን ዝርዝሮችን ይከፍታሉ። ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ ምልክት ማሳየቱ እምብዛም ስለሆነ፣ ወባ ወዳለበት አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገባ በ3ኛው ቀን ያተኮሰው ሰው የታመመው በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኢንፌክሽኑ የት እንዳለ ለማወቅ ታማሚውን ልብሱን አውልቆ ማየት ያስፈልጋል። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አንድ ወጣት በከባድ ራስ ምታትና ትኩሳት መጣ። ደረቱን አዳመጥኩ፣ ሆዱን ዳሰስኩ፣ አንገቱን ወደ ፊት አጠፍኩ፤ አንገቱ በቀላሉ ታጠፈልኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ልጽፍ ስል ነርሷ እግሩ መቀዝቀዙን ለማየት ካልሲውን አወለቀች። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ በጣቷ ስትጫናቸው አልደበዘዙም። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተጀመረለት፤ ሲነጋም ነጠብጣቦቹ እስከ ጭኑ ደርሰው አየኋቸው። ወጣቱ ዳነ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ካልሲ ሳላስወልቅ ትኩሳት ያለበትን ሰው መርምሬ አላውቅም። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች ላይ እንዲህ ያሉ ነጠብጣቦች በቀላሉ ስለማይታዩ የዐይን ቆብን ገልብጠው፣ ላንቃን በባትሪ፣ መዳፍንና የውስጥ እግርን በደንብ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሳምንት ያተኮሰው ታማሚ የወባ ምርመራው ኔጋቲቭ፣ የዊዳል ምርመራው ደግሞ 1:160 ፖዘቲቭ ሆነ። የታይፎይድ በሽታ ነው ተብሎ ሴፍትሪያክዞን የተባለ አንቲባዮቲክ 7 ቀን ተሰጠው፤ አልተሻለውም። በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያየው ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ላቦራቶሪው የተሳሳተ አይመስለኝም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ችግሩ የተጠየቀው ነገርና ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው ነገር አንድ አለመሆናቸው ነው። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ይፋ የሆነ ምርመራ ሲሆን የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን፣ የታማሚው ሰውነት የታይፎይድ ባክቴሪያ ለሚመደብበት ለሳልሞኔላ ገጽታዎች ያዘጋጃቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ከዓመታት በፊት በነበረ ኢንፌክሽን፣ በክትባት፣ ከሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች ጋር ባለ መመሳሰል፣ አልፎ አልፎም በወባ ምክንያት ሊገኙ ይችላሉ። በአንጻሩ በታይፎይድ በተያዘ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ሳይጋመስ ምርመራው ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሽታው በሚዘወተርበት ስፍራ ከአንድ ጊዜ የደም ናሙና የተገኘ 1:160 የሚል ውጤት «ይህ ሰው ምናልባት አንድ ወቅት ከሳልሞኔላ ወይም ከሚመስለው ነገር ጋር ተገናኝቷል» ከማለት የዘለለ ነገር አይናገርም።

ይህ ጉዳይ ከዊዳል አልፎ ለማንኛውም ምርመራ የሚሠራ ስለሆነ በቁጥር ላሳይዎት። አንድ እጅግ ጥሩ ምርመራ አለን እንበል፤ ከታመሙ 100 ሰዎች 95ቱን ያገኛል፣ ካልታመሙ 100 ሰዎችም 95ቱን ነጻ ናቸው ይላል። በሽታው ከ100 ሰው አንዱን ብቻ በያዘበት ሁኔታ 10,000 ሰዎችን ብንመረምር፣ ከታመሙት 100 ሰዎች 95ቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ካልታመሙት 9,900 ሰዎች ግን 495ቱ በስሕተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በድምሩ 590 ሰዎች ፖዘቲቭ ናቸው ከተባሉ በእርግጥ የታመሙት 95 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከ100 ሰው 16 ያህል ማለት ነው። አሁን ያንኑ ምርመራ፣ በምልክታቸውና በታሪካቸው የተነሣ ግማሾቹ በሽታው እንዳለባቸው በምንገምታቸው 10,000 ሰዎች ላይ እናድርገው። 4,750 በትክክል፣ 250 በስሕተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ፖዘቲቭ ከተባሉት 100 ሰዎች 95ቱ በእርግጥ ታመዋል። ምርመራው ያው ነው፤ የተለወጠው ከምርመራው በፊት የነበረው ግምት ብቻ ነው። ለዚህም ነው ተማሪዎቼ ማዘዣ ወረቀቱን ከመሙላታቸው በፊት የጠረጠሩትን በሽታ ከዝቅተኛ፣ ከመካከለኛና ከከፍተኛ በአንዱ መድበው በግልጽ እንዲናገሩ የማስገድዳቸው። ቀድሞ ያልገመተ ሐኪም ውጤቱ ሲመጣ የሚያመዛዝንበት ነገር የለውም፤ ወረቀቱ የነገረውን ይቀበላል።

ለታይፎይድ የሚታመነው የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማብቀል) ነው፤ እርሱም ቢሆን ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚያገኝ፣ ከአጥንት መቅኒ የሚወሰድ ናሙና ደግሞ ከዚያ የተሻለ እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሦስት ሳምንት የቆየ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ የዊዳል ውጤት ምንም ይሁን ምን አክታ መመርመር ነበረበት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ፦ ለታማሚው ሴፍትሪያክዞን መሰጠቱ የሳንባ ነቀርሳውን ምልክት አልሸፈነውም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ወይም ሊቮፍሎክሳሲንን የመሰለ መድኃኒት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ግን ለጊዜው ይሻለው፣ ምርመራውም ይዘገይ ነበር፤ እነዚህ መድኃኒቶች የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በከፊል ስለሚያጠቁ ለሳል ሲታዘዙ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ስለ ወባ ምርመራውም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወፍራሙ የደም ቅብ ወባ መኖሩን ለማግኘት፣ ቀጭኑ ደግሞ ዝርያውን ለመለየት ያገለግላሉ፤ አንድ ኔጋቲቭ ቅብ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ አይበቃም፣ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ መደገም አለበት። ያው ቅብ ግርሻ የተባለውን እየተመላለሰ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጡ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችንም ስለሚያሳይ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ምን እንደጠረጠሩ ቢነገረው በሌላ ዐይን ይመለከተዋል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ የሚፈልገው ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ከሆነ፣ ወባው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ወባ በሚዘወተርበት ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ ውስጥ ጥገኛ ተህዋሲው እያለ በሌላ በሽታ ሊታመም ይችላል። ራሱን የሳተ ሕፃን ደሙ ውስጥ ወባ ተገኘ ማለት ማጅራት ገትር የለበትም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

ጥያቄ፦ ማጅራት ገትር ሲጠረጠር አንዱ መምህራችን «ናሙና ሳትወስዱ መድኃኒት አትጀምሩ» ይሉናል፤ ሌላው «መድኃኒቱን ሳትሰጡ ምንም አትጠብቁ» ይሉናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው፤ የሚጋጩት አንዱን ናሙና ከሌላው ካልለየን ነው። የደም ካልቸር በ5 ደቂቃ ስለሚወሰድ ከመድኃኒቱ በፊት መወሰድ አለበት። ከወገብ የሚቀዳው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽም ወዲያውኑ የሚቻል ከሆነ እንዲሁ ይቅደም። ነገር ግን ሲቲ ስካን መጠበቅ ካስፈለገ፣ የታማሚው የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሾክ ላይ ካለ ወይም የሚቀዳው ሰው ገና ከቤቱ የሚጠራ ከሆነ የደም ካልቸሩን ወስደው መድኃኒቱን ይስጡ፤ ፈሳሹ በኋላ ይቀዳል። ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ መድኃኒቱ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ከፈሳሹ ሊጠፋ ይችላል፤ ኒሞኮከስ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ የነጭ ደም ሴሎቹ መብዛት፣ የፕሮቲኑ መጨመርና የግሉኮሱ መውረድ ግን ለቀናት ስለሚቆዩ ዘግይቶ የተቀዳ ፈሳሽም ይናገራል። ሲቲ ስካን ለሁሉም አያስፈልግም፤ ከሰውነቱ አንዱ ወገን የደከመ፣ አዲስ የሚጥል ምልክት ያሳየ፣ ንቃቱ በጣም የወረደ፣ የዐይኑ ነርቭ ያበጠ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሲሆን ይቅደም።

የዚህ በሽታ የአማርኛ ስሙ ራሱ ምልክት ነው፤ ማጅራትን የሚገትር ማለት ነው። ትክትክም፣ መንጋጋ ቆልፍም፣ ግርሻም እንደዚሁ ከታየው ምልክት የተሰየሙ ናቸው። ስሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ የጥንቶቹ አስተዋዮች ታማሚውን በደንብ እንደተመለከቱ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ስሙ ማጅራት ገትር ስለሆነ ማጅራቱ ያልተገተረ ሰው በሽታው የለበትም ወደሚል ድምዳሜ እንዳንገባ መጠንቀቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በኔዘርላንድስ 696 የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ክስተቶችን የመዘገበ ጥናት ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የንቃት መለወጥ ሦስቱ አብረው የተገኙት በ44 ከመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ ራስ ምታትን ጨምረን ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ የተገኙት ግን በ95 ከመቶው ነው። አራስ ሕፃን ደግሞ ጡት አልጠባም ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፈሳሹን ሲቀዱ የሚወጣበትን ግፊት ይለኩ፣ በዚያው ሰዓት የደም ስኳሩንም ይለኩ፤ የፈሳሹ ግሉኮስ ትርጉም የሚኖረው ከደሙ ጋር ሲነጻጸር ነውና። ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል የበዛበት፣ ግሉኮሱ ከደሙ 40 ከመቶ በታች የወረደ ፈሳሽ ወደ ባክቴሪያ ያመለክታል፤ ሊምፎሳይት የተባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል በዝቶ ግሉኮሱ ካልወረደ ወደ ቫይረስ፣ ሊምፎሳይት በዝቶ ግሉኮሱ ከወረደና ፕሮቲኑ በጣም ከጨመረ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወይም ወደ ክሪፕቶኮከስ ያመለክታል። የነቀርሳ ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ጠብታ አይበቃም፤ ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ለአዋቂ በተለምዶ የሚጀመረው ሴፍትሪያክዞን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ሲሆን፣ ደክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ወይም አብሮ ይሰጣል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው አምፒሲሊን ይታከላል፤ ምክንያቱም ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያ ሴፍትሪያክዞን ጨርሶ አይነካውም።

ስለ ደም ካልቸሩ አንድ ቃል ልጨምር። ቆዳው ላይ የተቀባው አልኮል ወይም ክሎርሄክሲዲን እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ገና እርጥብ እያለ መርፌ መውጋት ማጽዳት አይባልም። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይውሰዱ። በአዋቂ ደም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ እንኳ ላይሞሉ ስለሚችሉ፣ 3 ሚሊ ሊትር ቀድቶ «ምንም አልበቀለም» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከሁለቱ በአንዱ ጠርሙስ ብቻ የቆዳ ስታፊሎኮከስ ከበቀለ ምናልባት ከቆዳው የገባ ነው፤ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ከበቀለ ግን በአንድ ጠርሙስም ቢሆን ችላ አይባልም።

ጥያቄ፦ አክታው ወይም ንፍጡ አረንጓዴ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቀለሙ ብቻውን አንቲባዮቲክ ለመስጠት ምክንያት አይሆንም፤ አረንጓዴነቱ የሚመጣው ኒውትሮፊሎች ከያዙት ብረት አዘል ኤንዛይም ነው፤ ኒውትሮፊሎች ደግሞ ለቫይረስም ይመጣሉ። ለየት ያለ ትኩረት የሚሻው ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መዘጋት ያለበት ሰው ነው፤ እርሱ ትንፋሹ ሲከፋና አክታው ሲበዛ የቀለሙ መለወጥ ውሳኔውን ያግዛል።

ጥያቄ፦ በመድኃኒት ላይ ያለ ታማሚ በ48 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልወረደ ወደ ጠንካራው መድኃኒት ይቀየር ይባላል። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ 48 ሰዓት ታማሚውን ደግሞ እንደ አዲስ ለመመርመር ትክክለኛ ጊዜ ነው፤ መድኃኒት ለመቀየር ግን በራሱ ምክንያት አይሆንም። ለምሳሌ ታይፎይድ በሚሠራበት መድኃኒት እየታከመ እንኳ ትኩሳቱ ለመውረድ ከ4 እስከ 6 ቀን ሊወስድ ይችላል። በሳንባ ምች የተኛ ሰው አተነፋፈሱ ተረጋግቶ፣ ምግብ መብላት ጀምሮ፣ ራጁ ግን ለሳምንታት እንደ ነበረ ሊቆይ ይችላል፤ ራጅ አይታከምም።

ታማሚው በእርግጥ ካልተሻለው ወደ መድኃኒት ዝርዝሩ ከመሮጥዎ በፊት ወደ አልጋው ይመለሱ። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የመጀመሪያው ግምት ስሕተት ይሆን ወይ የሚለው ነው፤ ይህን መጠየቅ ከሁሉም ይከብዳል፤ በጠዋቱ ጉብኝት በሁሉ ፊት የተናገርነውን በ3ኛው ቀን መሻር አይወደድምና። ቀጥሎ መድኃኒቱ በእርግጥ መሰጠቱን ከሰንጠረዡ ያረጋግጡ፤ የሌሊት 6 ሰዓቱ መርፌ ተሰጥቷል? መጠኑ ለክብደቱ ይበቃል? በአፍ የሚወስደውን ያስመልሰዋል? ከዚያ የመድኃኒት መስጫ ካኑላ የገባበትን ክንድ ይመልከቱ። የቀላ፣ ያበጠ፣ ሲነካ የሚያም ደም ሥር ካገኙ አዲሱ ትኩሳት ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ካኑላውን ማውጣት ነው።

ከሁሉ በላይ መግል ይፈልጉ። እብጠት ውስጥ የታሰረ መግል ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም በበቂ መጠን አይደርሰውም፤ የደረሰውም ቢሆን ውስጡ አሲዳማና ኦክስጅን ያነሰው ስለሆነ እንደ ጀንታማይሲን ያለው አቅሙን ያጣል፤ ባክቴሪያዎቹም ቀስ ብለው ስለሚራቡ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ በሙሉ ኃይላቸው አይገድሏቸውም። አንድ ታማሚ ሦስት መድኃኒት ተቀያይሮለት ሳይሻለው፣ በአልትራሳውንድ ጉበቱ ውስጥ የተጠራቀመ መግል ታይቶ ሲቀዳለት በማግሥቱ ትኩሳቱ ሲወርድ አይቻለሁ። መድኃኒቱ የመጀመሪያው ያው መድኃኒት ነበር። የጎድን አጥንቱን የመጨረሻ ክፍተት በአንድ ጣቴ ስጫነው ፊቱን ማኮማተሩን አስታውሳለሁ፤ ለስምንት ቀን እዚያ ቦታ ላይ ጣቱን ያሳረፈ ሰው አልነበረም።

ካልቸሩ ውጤት ካመጣም ለውጡ ብዙ ጊዜ ወደ ጠባቡ መድኃኒት መሆን አለበት። «ጠንካራ» የሚለው ቃል እዚህ ያሳስታል፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚነካ መድኃኒት አንዱን ባክቴሪያ በመግደል የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ለክሎክሳሲን የሚሸነፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ክሎክሳሲን ከቫንኮማይሲን የተሻለ ይገድለዋል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 አግኝቶ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በንግግሩ ያስጠነቀቀው፣ አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ባክቴሪያዎቹን ሳይገድል ያለማምዳቸዋል ብሎ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲከሽፍ ግን እጅግ የከፋው ስሕተት አንድ አዲስ መድኃኒት ብቻ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ይህን በግልጽ አስተምሯል፦ በ6 ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞቱ፤ ይሁን እንጂ ከወሰዱት የብዙዎቹ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ስለተላመደ የመጀመሪያው ጥቅም በቀጣዮቹ ዓመታት እየተመናመነ ሄደ። ዛሬ ለሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎም ለአራት ወር ሁለት መድኃኒት የምንሰጠው ለዚህ ነው። ሕክምናው የከሸፈበት ታማሚ ከተገኘ የባክቴሪያው የመድኃኒት መላመድ ይመርመር እንጂ በግምት አንድ መድኃኒት አይጨመር።

ጥያቄ፦ ይህን ለመምህራኖቼ መጠየቅ አፍሬ ነው የጻፍኩት። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ያሉበት ክፍል ስመደብ እፈራለሁ፤ ደም ስቀዳም እጄ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ለዚህ ሙያ ያለመፈጠር ምልክት አይደለም። የሚያሳስበኝ ጨርሶ የማይፈራው ተማሪ ነው። ፍርሃትዎን ግን ወደ ተለየ ሥራ ይለውጡት።

ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ጠብታዎች ስለሆነ የታማሚውን ሳህን ወይም አንሶላ መንካት አያስይዝም። ትልቁ አደጋ በሽታው ታውቆ ሕክምና ላይ ካለው ሰው ይልቅ ገና ሳይታወቅ በተራ ክፍል ውስጥ ከሚያስለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያሳለን ሰው ሁሉ በጊዜ አክታውን ማስመርመር እርስዎንም ይጠብቃል። መስኮቶቹን ይክፈቱ። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ለታማሚው ነው፤ ከአፉ የሚወጣውን ይይዛል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ኤን 95 የሚባለው ነው፤ እርሱንም ሲያደርጉ በሁለት እጅዎ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱ፤ በአፍንጫዎ ግራና ቀኝ አየር ከወጣ አልገጠመም። እጅዎን ከታማሚው በፊትም በኋላም ያጽዱ፤ ኢግናዝ ዘመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ በወሊድ ክፍሉ የእናቶች ሞት በከፍተኛ ደረጃ የቀነሰው ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ ገና ሳይረጋገጥ ነበር። ጓንት ይህን አይተካም።

ደም ሲቀዱ መርፌውን መልሰው አይክደኑት፤ ስለታም ነገሮች የሚጣሉበትን ሣጥን ከመጀመርዎ በፊት እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። መርፌ ቢወጋዎት ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፣ አይጭመቁት፣ በዚያው ሰዓት ለኃላፊ ያሳውቁ፤ ማፈር የማይገባው ሰዓት ይህ ነው። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው ደም በመርፌ በመወጋት የመያዝ ዕድል ከ1,000 ጊዜ 3 ያህል ነው፤ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ተጀምሮ ለ28 ቀን ሲወሰድ ይህንንም በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከዚህ የበለጠ የሚተላለፈው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው፤ እርሱ ግን በሦስት ዙር ክትባት ይከላከሉታል፤ ከመጨረሻው ዙር ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ በደም ምርመራ መከላከያው መፈጠሩን ማረጋገጥ ይቻላል። የክትባት ካርድዎን ዛሬ ማታ ይፈልጉ፤ ሦስተኛው ዙር ካልተመዘገበበት ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ያስይዙ።